ያለ ብረት ማሞቂያ፣ በብርሃን ብቻ፦ ሲሊኮን ቺፕ ላይ ያለችን ቀለበት ማሞቅ

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው የኤሌክትሪካል ምህንድስና ድኅረ ምረቃ ተማሪ ናቸው። ውጭ አገር የተሠራ የሲሊኮን ፎቶኒክስ ቺፕ በእጃቸው ገብቷል። ቺፑ ላይ ሬዲየሳቸው 10 ማይክሮን የሆነ ሪንግ ሬዞኔተሮች (ብርሃን በውስጣቸው እየዞረ የሚጠራቀምባቸው ቀለበቶች) አሉ፤ የብረት ማሞቂያ ግን አልተሠራላቸውም። «ሬዞናንሱን (ቀለበቷ ብርሃን የምታጠራቅምበትን ሞገድ) በብርሃን በሚፈጠር ሙቀት ማንቀሳቀስ እፈልጋለሁ። 980 ናኖሜትር ሌዘር ከላይ ላብራበት ወይስ ያንኑ 1550 ናኖሜትር በዌቭጋይዱ (ብርሃን በሚመራው ቀጭን የሲሊኮን መስመር) ውስጥ ኃይሉን ጨምሬ ልላክ? ኃይሉን ስጨምርስ የሬዞናንሱ ቅርጽ ተጣሞ ሦስት ማዕዘን የሚመስለው ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

980ውን ከላይ ማብራቱን ይተዉት። 1550ው በቀለበቷ ውስጥ ሲበዛ በርግጥ ያሞቃል፤ አሁን ባለዎት ቺፕ ለመጀመርም የተሻለው እሱ ነው። ለዘለቄታው የሚያዋጣው ግን ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ሙቀቱን ከቀለበቷ አጠገብ፣ ከቀለበቷ ውጭ በተቀመጠ ብርሃን መጣጭ ሲሊኮን ውስጥ መፍጠር። በብርሃን ማሞቅ ከባድ አይደለም። ከባዱ ብርሃኑ የት ቦታ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ መወሰንና ሙቀቱን ከነፃ ኤሌክትሮንና ሆል (ኤሌክትሮን ለቆት ከሚሄደው ባዶ ቦታ) መለየት ነው። ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

መነሻችን የተለመደው ቺፕ ነው፤ 220 ናኖሜትር ውፍረትና 450 ናኖሜትር ስፋት ያለው ዌቭጋይድ፣ ከሥሩ 2 ማይክሮን ኦክሳይድ (ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ)፣ ከላዩም የኦክሳይድ ሽፋን፣ ከሁሉም በታች ወፍራሙ ሲሊኮን። የሲሊኮን ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ (ብርሃንን የሚያዘገይበት መጠን) በአንድ ዲግሪ 0.00018 ገደማ ይጨምራል። በዚህ የተነሳ ሬዞናንሱ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.07 እስከ 0.08 ናኖሜትር ወደ ረጅም ሞገድ ይሄዳል። የቀለበቷ ዙሪያ 63 ማይክሮን፣ ግሩፕ ኢንዴክሷ (የብርሃን ምት በውስጧ የሚዘገይበት መጠን) 4.2 ቢሆን በሁለት ሬዞናንሶች መካከል 9.1 ናኖሜትር ይኖራል። ይህን ሁሉ ለመሸፈን 120 ዲግሪ ያህል ማሞቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሲሊኮን ሙቀትን በሜትር በኬልቪን 148 ዋት ያስተላልፋል፤ ኦክሳይድ 1.4 ብቻ። ኦክሳይዱ ለቀለበቷ ጋቢ ሆኖላታል። ይህን መጠን ይዘን ስናሰላ፣ በቀለበቷ ሲሊኮን ውስጥ በትክክል የተመጠጠ 1 ሚሊዋት ወደ 6 ዲግሪ ያሞቃታል፤ በሬዞናንስ ሲቆጠር 0.45 ናኖሜትር ነው። «በትክክል የተመጠጠ» ያልነው አውቀን ነው። ከሌዘሩ የወጣው ሌላ፣ ቺፑ ውስጥ የገባው ሌላ፣ ወደ ሙቀት የተለወጠው ደግሞ ሌላ ነው።

980 ናኖሜትር ሲሊኮን ውስጥ የሚመጠጠው በሴንቲሜትር 100 ያህል በሆነ መጠን ነው። 220 ናኖሜትር ውፍረት ሲያልፍ የሚመጠጠው 0.2 በመቶ ብቻ ነው። ሌላው ኦክሳይዱን አልፎ ታችኛው ወፍራም ሲሊኮን ውስጥ ይገባና እዚያ 100 ማይክሮን ያህል ጥልቀት ውስጥ ይመጠጣል። ስለዚህ 100 ሚሊዋት ቢያበሩ የሚሞቀው ቀለበቷ ሳትሆን ቺፑ በሞላው ነው። ሬዞናንሱ ሲንቀሳቀስ አይተው ሠራ ብለው እንዳይዘናጉ፤ አጠገብ ያሉት ቀለበቶችም እኩል ተንቀሳቅሰዋል። ማረጋገጥ ቢፈልጉ ከሚያበሩበት 200 ማይክሮን ርቃ ያለችውን ቀለበት አብረው ይለኩ። እኩል ከሄደች ሙቀቱ የአንድ ቦታ አይደለም።

ከላይ ማብራት ካስፈለገ አጭር ሞገድ ይሻላል። በ532 ናኖሜትር ያ 220 ናኖሜትር ሲሊኮን በአንድ ማለፍ ወደ 18 በመቶ፣ በ405 ናኖሜትር ከ80 በመቶ በላይ ይመጥጣል፤ ከዚህ ላይ ነጸብራቁ ይቀነሳል፤ በ405 ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ሌላው ኪሳራ የቅርጽ ነው። ቀለበቷ ራሷ 28 ካሬ ማይክሮን ብቻ ናት፤ 25 ማይክሮን ዲያሜትር ያለው የብርሃን ነጥብ ደግሞ 490 ካሬ ማይክሮን ነው። ከብርሃኑ 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ያርፍባታል። 10 ሚሊዋት በ405 ቢያበሩ የሚመጠጠው 0.23 ሚሊዋት ገደማ ነው፤ ሙቀቱ 1.5 ዲግሪ፣ እንቅስቃሴው 0.11 ናኖሜትር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ችግር ይመጣል። 405ም ሆነ 532 ሲመጠጡ መጀመሪያ የሚፈጥሩት ኤሌክትሮንና ሆል ነው። እነዚህ የኤሌክትሪክ ተሸካሚዎች ሬዞናንሱን ሙቀት ከሚገፋው በተቃራኒ፣ ወደ አጭር ሞገድ ይጎትቱታል። ሶሬፍና ቤኔት በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጡት ቀመር እናስላ። የተሸካሚዎቹ ዕድሜ 1 ናኖሴኮንድ ገደማ ከሆነ፣ ያ 0.23 ሚሊዋት በኩቢክ ሴንቲሜትር ከ7×10¹⁶ በላይ ተሸካሚ ይዞ ይቆያል። የሚያመጣው መጎተት 0.12 ናኖሜትር ያህል ነው። ሙቀቱ 0.11 ወደ አንድ ወገን፣ ተሸካሚዎቹ 0.12 ወደ ሌላው ወገን! ሬዞናንሱ ከቦታው ያልተነቃነቀ ይመስላል፤ ጠልቆ የነበረው ግን ጥልቀቱን ያጣል፣ ይሰፋል፤ ተሸካሚዎቹ በሴንቲሜትር 5 ዲቢ (ዴሲቤል) ያህል ኪሳራ ይጨምራሉና። «ሌዘሬ አልሠራም» ተብሎ ኃይል የሚጨመረው ይሄኔ ነው። ስለዚህ አጭር ሞገድ ከላይ ማብራት ካለብዎት ቀለበቷ ላይ ሳይሆን አጠገቧ ባለ ሌላ ቁራጭ ላይ ያብሩ። ፋብሪካዎች ንብርብሩን ለማስተካከል የሚረጩት ትርፍ የሲሊኮን ወይም የብረት ካሬ ቺፕዎ ላይ ይኖር ይሆናል። ኦክሳይዱ ተሸካሚዎቹን አያሻግርም፤ ሙቀቱን ግን ያሻግራል።

አሁን ወደ 1550። የዚህ ብርሃን ፎቶን 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት አለው፤ ሲሊኮን ለመምጠጥ 1.12 ይፈልጋል። ታዲያ ለምን ይሞቃል? ሦስት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ የዌቭጋይዱ ግድግዳ ላይ ያሉ ያልተጣመሩ ቦንዶች ትንሽ ትንሽ ይመጥጣሉ። ሁለተኛ፣ ብርሃኑ ሲጠነክር ሁለት ፎቶኖች ባንድ ጊዜ ይመጠጣሉ። ሦስተኛ፣ በዚህ የተፈጠሩት ተሸካሚዎች ራሳቸው ተጨማሪ ብርሃን መጥጠው ወደ ሙቀት ይለውጡታል። ይህ ሁሉ ቀጥ ባለ ዌቭጋይድ በጥቂት ሚሊዋት አይታይም። ቀለበቷ ውስጥ ግን ብርሃኑ ይጠራቀማል። የጥራት መጠኗ (ብርሃን ይዛ የመቆየት አቅሟ) 20,000 ከሆነ የሬዞናንሱ ስፋት 0.078 ናኖሜትር ነው፤ ኪሳራዋና የምትቀበለው መጠን ከተመጣጠኑ ውስጧ ያለው ኃይል ከሚገባው 37 እጥፍ ይሆናል። 1 ሚሊዋት ሲያስገቡ 37 ሚሊዋት ይዞራል።

የሦስት ማዕዘኑ ነገር ከዚህ ይመጣል። ሌዘሩን ከአጭር ወደ ረጅም ሞገድ ሲያንቀሳቅሱ ወደ ሬዞናንሱ ይቀርባሉ፣ ቀለበቷ ትሞቃለች፣ ሬዞናንሱም ከሌዘሩ ፊት ፊት እየሸሸ ይሄዳል። ሌዘሩ ይከተለዋል። ከጫፉ ሲደርስ ሙቀቱ ሊሸከመው ስለማይችል ባንዴ ይወድቃል፤ ቀለበቷ ትቀዘቅዛለች፣ መስመሩም ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ከረጅም ወደ አጭር ሲመጡ ደግሞ ሬዞናንሱ ወደ ሌዘሩ ይዘላል፤ ቅርጹ ጠባብና የተቆረጠ ይሆናል። ሁለቱ አቅጣጫዎች ካልተገጣጠሙ ቀለበቷ በአንድ ሞገድ ሁለት ሁኔታ ይዛለች ማለት ነው። በሲሊኮን ቺፕ ላይ ይህ በ2004 እ.ኤ.አ. ታይቷል። መነሻው በስሌት ቀላል ነው፤ በጫፉ ላይ ያለው የሙቀት መግፋት ከሬዞናንሱ ስፋት 0.77 ሲያልፍ ነው፤ በእርስዎ ቀለበት 0.06 ናኖሜትር፣ ማለትም ከ1 ዲግሪ ያነሰ ሙቀት። ቺፑ ውስጥ በገባ ጥቂት ሚሊዋት ይደረሳል። ከዚያም በላይ ሲጨምሩ ቀርፋፋው ሙቀትና ፈጣኖቹ ተሸካሚዎች ስለሚሳሳቡ የሚወጣው ብርሃን በሜጋኸርትዝ አካባቢ ራሱን ማወዛወዝ ሊጀምር ይችላል። ኦሲሎስኮፕ ላይ ይህን ካዩ የሌዘር ብልሽት ነው ብለው አይሸበሩ፤ ኃይሉን ይቀንሱ።

አብሽሩ፣ በያዙት ቺፕ ሥራው ይሠራል። አካሄዱ እንዲህ ነው። ሁለት ሌዘር ያዘጋጁ። አንዱ ማሞቂያ፣ ሌላው መለኪያ። ማሞቂያውን በአንደኛዋ ሬዞናንስ፣ ለምሳሌ 1541 አካባቢ፣ መለኪያውን ሁለት ሬዞናንስ ርቆ 1559 አካባቢ ያድርጉ። በ50 ለ50 ፋይበር ካፕለር ያገናኟቸው፤ እያንዳንዳቸው ከካፕለሩ በፊት የፖላራይዜሽን (የብርሃኑ ንዝረት አቅጣጫ) መቆጣጠሪያ ይኑራቸው፤ ግሬቲንግ ካፕለሩ (ብርሃንን ከፋይበሩ ወደ ቺፑ የሚያስገባው ክፍል) አንዱን ፖላራይዜሽን ብቻ ስለሚቀበል። መለኪያው ቺፕ ውስጥ ሲገባ ከ0.1 ሚሊዋት እንዳይበልጥ። ከዲቴክተሩ በፊት የማሞቂያውን ብርሃን ቢያንስ 30 ዲቢ የሚከለክል ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የሚለኩት የራሱን የማሞቂያውን ፍሳሽ ነው። ማሞቂያውን ሁልጊዜ ከአጭር ሞገድ በኩል ቀስ ብለው ያስገቡ። በዚያ በኩል ሲቆም ራሱን ያረጋጋል፤ ቀለበቷ ትንሽ ብትሞቅ ሬዞናንሱ ከሌዘሩ ይርቃል፣ የምትቀበለው ይቀንሳል፣ ትቀዘቅዛለች። በሌላኛው በኩል ግን አይቆምም።

ማሞቂያውን ከማብራትዎ በፊት ቴርሞሜትርዎን ይሥሩ። ቺፑን በቲኢሲ (በኤሌክትሪክ በሚያሞቅና በሚያቀዘቅዝ ንጣፍ) ላይ አስቀምጠው በ25፣ 30፣ 35 እና 40 ዲግሪ የመለኪያውን ሬዞናንስ ይመዝግቡ፤ በየደረጃው ሙቀቱ እስኪረጋ ይጠብቁ፤ የሌዘሩ እርምጃ 0.005 ናኖሜትር ይሁን። መስመሩ በዲግሪ ከ0.07 እስከ 0.08 ካልሰጠ አንድ ነገር ተሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ ቴርሚስተሩ (የቲኢሲው ሙቀት መለኪያ) ከቺፑ ርቆ ስለተቀመጠ ነው። ከዚህ በኋላ ሬዞናንሱ የሄደውን ርቀት በዚህ ቁጥር ሲያካፍሉ የቀለበቷን ሙቀት ያገኛሉ። ሌላ ቴርሞሜትር እዚያ ቦታ አይገባም።

ሙቀት ነው ወይስ ተሸካሚ? የሚለየው በፍጥነት ነው። 2 ማይክሮን ኦክሳይድ ያለው ቀለበት ለመሞቅ 5 ማይክሮሴኮንድ ገደማ ይወስድበታል፤ ተሸካሚዎች ናኖሴኮንድ ይበቃቸዋል። ማሞቂያውን በሞጁሌተር በ1 ኪሎኸርትዝ፣ ከዚያ በ1 ሜጋኸርትዝ ያብሩ ያጥፉ፤ ዲቴክተሩ ቢያንስ 10 ሜጋኸርትዝ የሚከተል ይሁን። የሙቀቱ ምላሽ በ1 ሜጋኸርትዝ ሠላሳ እጥፍ ያህል ይወርዳል። በ1 ሜጋኸርትዝ አሁንም ጎልቶ የሚታይ ነገር ካለ፣ አቅጣጫውም ወደ አጭር ሞገድ ከሆነ፣ የሚያዩት ተሸካሚ ነው።

ሦስተኛው መንገድ አዲስ ቺፕ ይጠይቃል። በጣም ዶፕ የተደረገ (ተሸካሚ የሚሰጥ ባዕድ አቶም የተጨመረበት) ሲሊኮን 1550ን ይመጥጣል፤ አዲስ ተሸካሚ ሳይፈጥር ያሉት ተሸካሚዎች ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ሙቀት ይለውጡታል። በኩቢክ ሴንቲሜትር 10²⁰ የኤን ዓይነት (ኤሌክትሮን የሚሰጥ) ዶፒንግ ያለው ዌቭጋይድ በሴንቲሜትር 850 ያህል ይመጥጣል፤ 35 ማይክሮን ርዝመት 95 በመቶውን፣ 50 ማይክሮን ከ98 በመቶ በላይ ይጨርሳል። ይህን ቁራጭ በቀለበቷ ውጫዊ ጎን አስጠግተው እንደ ቅስት ያዙሩት፤ በግድግዳና በግድግዳ መካከል 1 ማይክሮን ይተዉ። ከዚያ ከቀረበ ዶፕ የተደረገው ሲሊኮን የቀለበቷን ብርሃን መስረቅ ይጀምርና የጥራት መጠኗ ይወርዳል። ከራቀ ሙቀቱ አይደርስም። 1 ማይክሮን ላይ ቀለበቷ የምታገኘው ከመጣጩ ሙቀት ሲሦ ያህል ነው። መሃል ለመሃል 5 ማይክሮን ሲርቅ 7 በመቶ፣ 20 ማይክሮን ሲርቅ ከ1 በመቶ በታች። ሙቀቱ የአንድ ቦታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የኦክሳይዱ ውፍረት ሲጨምር ይህ ርቀትም ይሰፋል።

5 ሚሊዋት መጣጩ ውስጥ ቢገባ ሬዞናንሱ ከ0.6 እስከ 0.7 ናኖሜትር ይሄዳል። ይህን ለማስገባት ግሬቲንግ ካፕለሩ 4.5 ዲቢ ቢያጠፋ ፋይበሩ ላይ 14 ሚሊዋት ይበቃል። መላውን 9.1 ናኖሜትር ለመሸፈን ግን አይበቃም፤ በፋብሪካ ስሕተት የተዛነፈን ቀለበት ወደ ቦታዋ ለመመለስ ነው የሚያገለግለው። የበለጠ ከፈለጉ ከሥሩ ያለውን ሲሊኮን አስቆፍሮ አየር ማድረግ ኃይሉን ብዙ እጥፍ ይቆጥባል፤ በዚያው ልክ ቀለበቷ ትዘገያለች።

አንድ ጥንቃቄ አለው። የመጀመሪያዎቹ 12 ማይክሮን ብቻቸውን 63 በመቶውን ይመጥጣሉ። 5 ሚሊዋት ሲገባ መግቢያው ላይ ያለው ሙቀት ከዙሪያው ከ150 ዲግሪ በላይ ሊያልፍ ይችላል፤ የመጨረሻው ጫፍ ግን ለብ ይላል። ስለዚህ ለመግቢያው ፋብሪካው ያለውን ቀለል ያለ ዶፒንግ፣ ለመጨረሻው ከባዱን ይምረጡ። ወይም ዶፒንጉን ከዌቭጋይዱ መሃል ወደ ጎን አሽሹትና ብርሃኑ በጥቂቱ ብቻ እንዲነካው ያድርጉ።

ስለ ቦታው። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥተው ደሴ ሲደርሱ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ለቀለበቷ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሙቀቷ የሚወርደው በኦክሳይዱ ወደ ታች እንጂ ወደ አየር አይደለም። የቲኢሲው ራዲያተር ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ደሴ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ፋኑ የሚያነሳው ሙቀት ይቀንሳል፤ ከሚያስፈልገው ተለቅ ያለ ራዲያተር ይግጠሙ። የጠዋቱ ብርድና የቀትሩ ፀሐይ ክፍሉን በ5 ዲግሪ ቢለዋውጡት ሬዞናንሱ 0.37 ናኖሜትር ይንከራተታል፤ የሬዞናንሱ ስፋት አምስት እጥፍ ማለት ነው። ያለ ቲኢሲ የተሠራ ልኬት አይታመንም። በሐምሌና በነሐሴ ቺፑን ከክፍሉ ሙቀት በታች አያድርጉት፤ ጤዛ ግሬቲንግ ካፕለሩ ላይ ይቀመጣል። ደሴ 25፣ ኮምቦልቻ 30 ዲግሪ ጥሩ መነሻ ነው። መብራት ሲጠፋ የሌዘሩን ከረንት ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ሲመለስ በድንገት የሚመጣው ሞገድ ዳዮዱን ይገድላል። ዩፒኤስ ካለ ቲኢሲውንም አብረው ያስገቡበት፤ ከሌለ መብራት ከመጣ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጠብቁ አይለኩ።

የፋይበሩን ጫፍ ከእያንዳንዱ ማገናኘት በፊት በማይክሮስኮፕ ይዩ። 20 ሚሊዋት ሲያልፍበት ጫፉ ላይ ያለ ብናኝ ይቃጠልና ለዘለቄታው ይጣበቃል። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት ነጠብጣብ ትቶ ይደርቃል፤ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ይፈልጉ፤ መጥረጊያውም ብናኝ የማይለቅ ይሁን። ቺፑ ሲሞቅ መያዣው ስለሚለጠጥ ፋይበሩ ከግሬቲንጉ ይንሸራተታል። ይህን ለመያዝ ከሬዞናንሱ ውጭ ያለውን የሚወጣ ኃይል በየልኬቱ ይመዝግቡ፤ እሱ ከወረደ የቀነሰው ማሞቂያው ሳይሆን መገጣጠሙ ነው። ለዚያ ሞገድ የተሠራ የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርጉ በ405ም ሆነ በ980 አይሥሩ። 980ው አይታይም፤ ሬቲና ድረስ ግን ይገባል።

ለአዲሱ ቺፕ ብርሃኑን በሜፕ፣ ሙቀቱን በኤልመር፣ ሥዕሉን በኬሌይአውት መሥራት ይቻላል፤ ሦስቱም በነፃ የሚወርዱ ናቸው። የሙቀት ስሌቱን ሲሠሩ የታችኛውን ሲሊኮን ቢያንስ 50 ማይክሮን ያስገቡ፤ የኦክሳይዱን ሥር ቀዝቃዛ ብሎ መዝጋት የጎረቤት ቀለበቶችን መሞቅ ይደብቃል። ዋፈር በጋራ ከሚያሠሩ ፋብሪካዎች ጋር ሲጻጻፉ ደግሞ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ከባዱ ዶፒንግ በኩቢክ ሴንቲሜትር ስንት እንደሆነ፣ የኦክሳይዱ ውፍረት 2 ወይስ 3 ማይክሮን እንደሆነ፣ ትርፍ ካሬዎቹን ከቀለበቷ ምን ያህል ማራቅ እንደሚፈቀድ። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ አንድ ዓይነት ቀለበት አራት ጊዜ ያስቀምጡ፤ የመጣጩ ርቀት 0.8፣ 1.0፣ 1.2 እና 1.5 ማይክሮን ይሁን፤ አምስተኛዋ መጣጭ የሌላት ማመሳከሪያ ትሁን፣ ከሌሎቹም 100 ማይክሮን ትራቅ።